እናቴን የወሰደችብኝ አማረች

ዛሬ ጠዋት ከአረካ ተደወለልኝና «አማረች አረፈች» አሉኝ። ተሳስታችኋል ብዬ ዘጋሁባቸው። ባለፈው እሁድ በስልክ ስትቆጣኝ ነበር እኮ! መልሼ ደወልኩ። እውነት ነው።

ለማታውቋት፣ አማረች የሟች ወንድሜ ሚስት ናት። ወንድሜ ቆላ ወርዶ ወባ ሲገድለው ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ወላጆቿ ሊወስዷት ቢመጡ «እናታችንን ለማን ትቼ?» አለች።

«እናታችን»! ልጇ እኮ እኔ ነበርኩ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ ሶዶ እማራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት እመለሳለሁ። መጽሐፍ ቅዱሱ በአማርኛ፣ እናቴ የምትሰማው ወላይትኛ ብቻ። እኔ አነባለሁ፣ ገበያ ላይ አማርኛ የለመደችው አማረች ትነግራታለች። እኔም መተርጎም አላቃተኝም። እናቴ ግን «አንቺ ትቸኩያለሽ፤ አማረች ትንገረኝ» ትላለች።

ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የማነበው እኔ፣ እናቴ የምትመርቀው እሷን። የተላጠው ጎዳሬም ለእሷ ነው።

አንድ ቀን ኢዮብን ጀመርን። ልጆቹ ቤት ተደርምሶባቸው ያለቁበት ጋ ስደርስ አማረች ዝም ብላ አለፈችው። ከብቶቹ ተወሰዱ፣ ታመመ፣ በኋላ ዳነ፣ በቃ!

«ልጆቹስ? የእግዚአብሔርን ቃል ትቆርጫለሽ? ለወንጌላዊው ነው የምናገረው!» አልኳት በአማርኛ።

«እሱን ኖራዋለች» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያልኖረችውን እንንገራት።»

እናቴ አባቴንና አራት ልጆቿን ቀብራለች። ነገሩ ገባኝ። ግን ምነው ለእኔ አልታየኝም? ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሩት ላይም፣ ዳዊት ላይም፣ ልጅ የሚሞትበት ሁሉ ታለፈ። «እሱን ኖራዋለች» ትለኛለች። ሰፈሩ ደግሞ «ሩት» እያለ ያሞግሳታል። ኑኃሚን ሴት ልጅ ብትኖራት ምን ይሰማት እንደነበር የጠየቀኝ የለም።

እናቴ ልትሞት ሰሞን ቅናቴ አላስቻለኝም። አማረች ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ፣ «የኢዮብ ልጆች ሁሉም ሞተዋል። አማረች ደብቃሻለች» አልኳት።

እናቴ ሳቀች። «አውቃለሁ። ጸሎት ቤት በወላይትኛ ሲሰብኩ ስንቴ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ስታልፍልኝ ደስ ይለኛል። ምን ያህል እንደምትወደኝ የማውቀው እዚያ ላይ ነው። አሁን ብነግራት ታፍራለች፤ እኔ ስሞት ንገሪልኝ። አደራ።»

አልነገርኳትም። ለቅሶው ላይ ልነግራት ነበር፤ ሰው ሁሉ እሷን እንደ ልጅ ሲያጽናና አይቼ ዋጥኩት። ከዚያ ዘመን መለወጫችን ጊፋታ በመጣ ቁጥር ዘንድሮ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ይኸው ሃምሳ ዓመት አለፈ። አንዲት ነገር እንኳ የእኔና የእናቴ ብቻ ትሁን ብዬ ነው።

አማረች፣ እናቴ ታውቅ ነበር። ያንቺን ደስታ ይዤብሽ ኖርኩ። ይቅር በይኝ፤ አሁን ከራሷ አፍ ስሚው።

ስትገናኙ ግን ቀድማ የምትጠይቅሽ ስለ እኔ ይሁን። አዎ፣ አሁንም እቀናለሁ። ደህና ሁኚ።