የድመቷ ጭርት

እኔና ጓደኛዬ ሪቻርድሰን በምትባል ከተማ ውስጥ አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖር ነበር። ከሱዳን መጠለያ ጣቢያ ጀምሮ ያልተለያየን፣ ከእህት የማላሳንሳት ሰው ናት። በዘጠናዎቹ አጋማሽ አንድ ቀን ከፓርኪንጉ አንዲት ትንሽ ድመት አንስታ መጣች። ጆሮዋ ጫፍ ላይ ጸጉሯ ተመልጧል። «ተቧጭራ ነው» አለችኝ። አመንኳት፤ ምን ብዬ ልጠርጥር!

እኔ ሹሩባ እሠራለሁ። ለፋሲካ ዋዜማ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ያመጡልኛል። የዚያን ዓመትም ሰባት ልጆች ሳሎናችን ውስጥ ድመቷን እየተቀባበሉ ሲያቅፉ፣ በአንዲት ማበጠሪያ ሁሉንም ሠራኋቸው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የልጆቹ ራስ ላይ ክብ ክብ ጭርት ወጣ። ጸጉራቸው ረገፈ። «እጅሽ ምን ነክቶት ነው?» አለችኝ አንዷ እናት በስልክ ኮል አድርጋ። ክንዴ ላይም ወጥቶብኝ ስለነበር ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ማበጠሪያዬን በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ፌጦ ደቁሼ ክንዴ እስኪቃጠል ለጠፍኩበት። እስከ ጎረቤት ከተማ ፕሌኖ ድረስ እየነዳሁ በየቤቱ ይቅርታ ስለምን፣ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጣ «አይዞሽ» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ የስልኩ መልእክት መቀበያ ይብለጨለጫል፤ ተጫንኩት። የእንስሳት ሐኪም ቢሮ ነው። ድመቷን ለጭርቷ መልሰሽ አምጫት፤ ከስድስት ሳምንት በፊት እንደነገርንሽ እስክትድን ልጆች አይንኳት፣ ይላል። ስድስት ሳምንት! ከፋሲካ በፊት መሆኑ ነው።

ጓደኛዬን በሩ ላይ ጠበቅኳት። ስትገባ «ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ድመቷን አስወጪ ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» ብላ አለቀሰች።

«አንቺ! ልጆቹ ሲያቅፏት ቁጭ ብለሽ ታዪ አልነበር እንዴ!» ጮህኩባት። እሑድ ለእናቶቹ ራሷ እንደምትነግር ምላ ተገዘተችልኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እጄን ይዛ ተነሳች። «እናቶቼ፣ እህቴን ይቅር በሏት። አውቃ አይደለም፤ የማበጠሪያ ነገር ሆኖባት ነው» አለች።

ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል አቀፈችኝና «በእናትሽ አታዋርጂኝ» አለችኝ በጆሮዬ። እናቶቹ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» እያሉ በየተራ ሳሙኝ። እኔ ሞኟም «አሜን» አልኩ። በዓመቱ ፋሲካ ለሹሩባ ልጇን ይዛ የመጣች አንዲትም እናት አልነበረችም።