ጉንዳን የወረረው አስፋልት

ባሲማ ሀቢቡላህ የተወለደችባትን ከተማ መካነ ሰላምን መናቅ የጀመረችው ዐረብ አገር ሳትሄድ ነው። ጅዳ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ግን ንቀቷም አድጎ አብሯት መጣ። ዘመድ አዝማዱ ወርቅ ሲጠብቅ እሷ ያወረደችው ኮምፒውተር ነው፤ የአሠሪዋ ልጅ አዲስ ገዝቶ አሮጌውን ሊጥለው ሲል ለምና ያስቀረችው።

«ይኼን ብለሽ ነው እንዲያ የተንከራተትሽው?» አለች አክስቷ ኸዲጃ።

«እናንተ የምታውቁት የሚበላና አንገት ላይ የሚጠለቅ ብቻ ነው።»

አባቷ ሼህ ሀቢቡላህ ልጆችን ቁርአን የሚያቀሩ ሰው ናቸው። «ሐራም ካልገባበት ሥሪው» አሏት። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ ጌም ቤት ከፈተች። የወግዲ መኪና እስኪሞላ የሚጠብቀውም፣ ሥራ የፈታውም የመኪና ሽቅድምድም ሊጫወት ይጎርፍ ጀመር። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ እነሱም አብረው ወደ ግራ ይጋደማሉ። ባሲማ ከኋላ ቆማ «በጎች» ትላለች በልቧ።

ከረመዳን በኋላ የጌሙ ሥዕል ታወከ። መኪናው እንደቆመ ደህና ነው። መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን የመንገድ ዳሩ የሽቦ አጥር ይብለጨለጫል፣ የጣሪያዎቹ ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ መስሎ ይርገበገባል፣ ሩቅ ያለው አስፋልት ደግሞ ጉንዳን እንደወረረው ይርመሰመሳል። ተጫዋቾቹ ዓይናቸውን እያሹ ይወጡ ጀመር።

አስናቀው ተጠራ። ደሴ ሄዶ አጭር ኮርስ ወስዶ የመጣ ባለ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ኢንጂነር» ካላሉት አይዞርም። ስክሪኑን ከበሩ ላይ ሆኖ አየና «ቫይረስ ነው» አለ።

«ቫይረስ አጥርና ጣሪያ መርጦ ይበላል እንዴ?»

«አንቺ አይገባሽም። እሱ ካልሆነ አቧራ ነው።»

ኮምፒውተሩን ፈታታና ጉንጩን ነፍቶ እፍ አለበት፤ ምራቁም አብሮ ገባ። ሲገጥመው ጉንዳኑ እንዳለ አለ።

«እንግዲህ ፎርማት ነው፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን» አለ።

«ውጣልኝ! ራሴን ቢያመኝ አንገቴን የሚቆርጥ ሐኪም አልፈልግም።»

በሩን ዘግታ ብቻዋን ተቀመጠች። የጅዳው ልጅ እንዲህ ሲገጥመው ምን ያደርግ እንደነበር ወለሉን እየወለወለች አይታለች፤ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፣ ያያል፣ ካልሆነ መልሶ ሌላ ይሞክራል። የኮምፒውተሩ ቋንቋ ዐረብኛ ስለሆነ ማንበቡ አልቸገራትም። መጀመሪያ የሥዕሉን መጠን ከስክሪኑ ልክ ጋር አስተካከለች፤ ጽሑፉ ጠራ እንጂ አጥሩ ያው ነው። ቀጥላ የጠርዝ ማለስለሻ የሚለውን ጠፍቶ አገኘችውና አበራችው። የጣሪያው መጋዝ ጠፋ፣ አጥሩም ረጋ። አስፋልቱ ግን አሁንም ይርመሰመሳል።

«ይኼ ከብት አስናቀው ሌላም የነካካው ነገር አለ!» እያለች ሥዕሉን የሚያወጣውን የግራፊክስ ካርድ ሴቲንግ ከፈተች። የሩቁን ሥዕል ጥራት የሚወስነው መስመር እስከ ጫፉ ተገፍቷል። ለካ ሩቁ ከልክ በላይ ሲሰላ፣ ያ ሁሉ ደቃቅ ጠጠር በስክሪኑ ነጥቦች ውስጥ አልበቃ ይልና መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንዱ ሲጠፋ ሌላው ብቅ ይላል።

ወዲያው እጇ ቀጥ አለ። አስናቀው ዐረብኛ አያነብም፤ ጉንዳኑም የመጣው እሱ ሳይጠራ ነው። እዚህ ገጽ የሚያደርሰው ምን መንገድ አለ?

በረመዳን፣ ቤቱ ተዘግቶ ሳለ፣ «ለእነዚህ ባላገሮች ጥራት ምን እንደሆነ ላሳያቸው» ብላ መስመሩን የገፋችው ራሷ ናት። ማሽኑ ሲከብደው ማለስለሻውን ያጠፋችውም እሷው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

መስመሩን ወደ መሐል መለሰችው። ሩቁ ትንሽ ደብዘዝ አለ፤ አስፋልቱ ግን ጸጥ አለ።

በማግስቱ አስናቀው ብቅ ብሎ ሥዕሉን አየና ተራ ለሚጠብቁት ጮክ ብሎ ተናገረ። «አላልኩም? አቧራው ነው! ከተነፋ በኋላ ውሎ አድሮ ነው የሚሻለው።»

«ኢንጂነር!» ብለው አጨበጨቡለት።

ባሲማ አፏን ከፈተች። አቧራ አይደለም ብትል፣ «ታዲያ ምን ነበር?» ሊሏት ነው።

«አላህ ይስጥህ» አለችው ጥርሷን ነክሳ። እሱም ምስጋናው እንደሚገባው ሰው ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ያን ምሽት ከመግሪብ ሰላት በኋላ ሼህ ሀቢቡላህ፣ «ማሽንሽን ምን አግኝቶት ኖሯል?» አሏት።

«የማያውቅ ሰው ነካክቶት ነው፣ አባ።»

«ማን?»

«አንዲት ባላገር» አለችና ሳህኑን አንሥታ ወጣች።