ቀለም የለመደች ጣት

ባሌ መዝገብ ቤት ማኅተም ይመታል። አንዴ ቀለሙ ላይ፣ አንዴ ወረቀቱ ላይ፤ ጥ ጧ፣ ጥ ጧ፣ ቀኑን ሙሉ። ባልደረቦቹ «ጧ» ይሉታል። ቅጽል ስሙን አይጠላውም፤ የሚጠላው ሥራውን ነው። መስኮት የሌለው ክፍል፣ ፊት ለፊቱ ግድግዳ፣ ግራና ቀኙ ፋይል። ስንጋባ «ለጊዜው ነው» ብሎኝ ነበር። ይኸው ልጃችን ስምንተኛ ክፍል ገባች።

መውጫው አንድ የቤዝ ጊታር ምት ሆነ። አንድ የሆቴል ባንድ ቤዝ የሚጫወት ሰው ፈለገ፤ መሪው «ይቺን በሁለት ጣት አስተካክሎ የመታልኝን እቀጥራለሁ» ብሎ የዘፈኑን ቅጂ ሰጠው። ባሌ ከወጣትነቱ ጀምሮ ቤዝ በአውራ ጣቱ ሲመታ የኖረ ሰው ነው። እዚህ ግን ሌባ ጣትና የመሀል ጣት እየተፈራረቁ ይሮጣሉ፤ ከዚያ ድንገት ጸጥ፤ ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ። ሩጫውን በሦስት ሳምንት ተወጣው። ያስቸገረው ጸጥታው ነው። ወፍራሙ ድምፅ ሊመጣ ሲል ሌባ ጣቱ ቀድማ ክሩን ነካ ታደርጋለች። ጥ ጧ። ቀለም ነክራ መምጣቷ ነው!

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ብዬ ሳቅኩበት።

«አንቺ ሳቂ። እኔ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ልሞት ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልቀለድኩም። ከሥራ እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጊታሩን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ያለን አንድ ክፍልና ጓዳ ነው፤ የትም ብሸሽ ያ ምት ይከተለኛል። ልጃችን ጆሮዋን በጥጥ ወትፋ ታጠናለች። ጣቱን በፕላስተር አስሮ ሞከረ። ጭራሽ ጣቱ እንድትረሳ ብሎ ቢሮ ውስጥ ቀለሙን እየዘለለ መምታት ጀመረ። ማኅተማቸው የማይታይ ወረቀቶች ተመለሱና ኃላፊው ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። ማስጠንቀቂያው ላይም ማኅተም የመታው ራሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ለፈተናው ወደ ሆቴሉ አብሬው ሄድኩ። ሰው የሌለበት አዳራሽ፣ የተደራረቡ ወንበሮች። ጊታሩን ሰካና ጀመረ። ሩጫው አማረ፤ ከበሮ መቺው ፈገግ አለ። ጸጥታው ላይ ደረሰ።

ጥ።

ቤታችን ውስጥ በጭንቅ የምትሰማው ድምፅ በማጉያው አዳራሹን ሞላችው።

«እስቲ ድገመው ወንድሜ» አለ መሪው። ደገመው። ያቺው ናት። ሦስተኛውን ባሌ ራሱ መሀል ላይ አቆመው።

«ሩጫህ ግሩም ነው። ግን ያቺ ትንሿ ነገር ከየት መጣች?»

«ከሥራ» አለ ባሌ።

መሪው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ተራ ይጠብቅ የነበረውን ሌላ ሰው ጠራ።

አውቶቡስ ስንጠብቅ እጆቹን ኪሱ ከትቶ መንገዱን ያያል። አንጀቴን በላኝ። ሌላ ባንድ አይጠፋም ልለው ስል ቀደመኝ።

«ጡረታዬ ስንት ዓመት ቀረው?»

ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

«ቆይ፣ ልቁጠር» አልኩትና ጣቶቼን ማጠፍ ጀመርኩ። አሥራ ዘጠኝ መሆኑን በቃሌ አውቀው ነበር።