በአፉ ስፒል የያዘው ሽማግሌ

ልብስ ሰፊው ኮት ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያደርገው መገልበጥ ነው። ፊቱን አያይም። ገበሩን፣ የብብቱን ስፌት፣ የኮሌታውን ውስጥ እየዳበሰ እንከን ይፈልጋል፤ ካጣ ደግሞ ይከፋዋል። በአርባ ዓመት ውስጥ «አምሯል» ሲል የሰማው ሰው የለም። ትልቁ ሙገሳው «ይሄዳል» ናት፤ ሙሽሮች እንኳ ይህችኑ ሰምተው እየተሳሳቁ ይወጡ ነበር። ሚስቱም በሕይወት ሳለች፣ «እኔንም ሲያጨኝ ገልብጦ ሳያየኝ አልቀረም» ትል ነበር።

ሚስቱ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት። አንዲት ልጃቸው ባሕር ማዶ ነች። እዚያ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ምን እንደምትሠራ ግን እሱ አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችውም። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ትደውላለች።

«ደህና ነህ አባዬ?»

«ደህና ነኝ።»

«በላህ?»

«በላሁ።»

ከዚያ ሁለቱም ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቤቱ ከመደወሏ በፊት ከነበረው ይብስ ጭር ይላል፤ እሱም የሰኞን ሱሪ አውጥቶ መተርተር ይጀምራል።

አንድ እሁድ ግን፣ «አባዬ፣ አንድ የፍቅር ድራማ ልልክልህ ነው፤ አኒሜ ነው፣ በሥዕል የተሠራ ፊልም። በየሳምንቱ አንድ ክፍል ይወጣል፣ ትርጉሙን ከሥሩ እጽፍልሃለሁ። እየውና የወደድከውንም የጠላኸውንም ንገረኝ» አለችው።

«በዚህ ዕድሜዬ የልጆች ሥዕል?»

«የልጆች አይደለም። እየው በቃ።»

ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አንዲት መጽሐፍ ጠራዥና አንድ የትራም ሾፌር ይዋደዳሉ፤ ሁለቱም ትንፍሽ አይሉም። ልብስ ሰፊው ሱቁን ከዘጋ በኋላ ስልኩን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ አየ። በሚቀጥለው እሁድ ስልኳን ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው።

«የሾፌሩ ካፖርት» አለ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «መጀመሪያ ቁልፉ በቀኝ ነበር፤ ትራሙ ላይ ሲወጣ በግራ ሆነ። በመንገድ ላይ ማን ገለበጠው?»

ሳቀች። ከእናቷ ሞት ወዲህ ስትስቅ ሲሰማት የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ እንከን ፍለጋው ሥራ ሆነለት፤ ያገኘውን ሁሉ የጨርቅ ልክ በሚያወጣበት የቅድ ወረቀት ጥግ ላይ ይጽፋል። «ሊለያዩ ሲሉ ሁልጊዜ ዝናብ! ሰማዩ ደመወዝተኛ ነው እንዴ?» ይላል። «ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይህ ልጅ ግን ሰባት ክፍል ሙሉ ዝም ብሎ ነቀዘ!» የእሁዱ ወሬ ግማሽ ሰዓት ደረሰ። መስመሩ ሁልጊዜ ይንኮሻኮሻል፤ እሱም የስልክ ድርጅቱን ይራገማል።

«ጥሩ ነገርስ የለውም አባዬ?» ትለዋለች።

«ይሄዳል።»

ነበረው እንጂ። ጠራዧ ወረቀት ስታጥፍ የጥፍሯ አሻራ ወረቀቱ ላይ ይታያል። ማታ ለብቻዋ የምትበላው ቆማ ነው፤ ለአንድ ሰው ጠረጴዛ ምን ያደርጋል ብላ። እሱም ስድስት ዓመት ሙሉ የበላው ቆሞ ነው። ያቺን ቦታ አራት ጊዜ መልሶ አይቷታል፤ ዓይኑም ረጥቧል። ይህን ለልጁ ሊነግራት አስቦ ነበር፤ ምስጋና ሲሆን ግን አንደበቱ ይተሳሰራል። መጨረሻ ላይ ሙዚቃው ተነስቶ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ሲጀምር ደግሞ፣ «የስም ጋጋታ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ይዘጋዋል።

ዘጠነኛው ክፍል መጣ። ሾፌሩ የተቀደደ ካፖርቱን ወደ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ወሰደ። ሽማግሌው በአፉ ስፒል ደርድሮ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ይሰፋል። በሩ ላይ ትንሽ ልጁ ወረቀት ይዛ ቆማለች። «አባዬ፣ እየው» ትላለች። «እህ» ይላል፣ ቀና ሳይል። ልጅቷ በአንድ እግሯ፣ ቀጥሎ በሌላው እግሯ ትቆማለች። ሾፌሩ ካፖርቱን ተቀብሎ ሲወጣ በሩ ላይ ማንም የለም፤ ወረቀቱ ብቻ ወንበሩ ላይ ቀርቷል።

«ትልቁ ድክመቱ ተገኘ!» አላት እሁድ፣ እየተደሰተ። «ያ ሽማግሌ ውሸት ነው። ልጁ ቆማ ስትጠብቀው ቀና የማይል አባት የት አለ? ደግሞ በአፉ ስፒል ይዞ ‘እህ’! ይሄን የሠራው ሰው ልብስ ሰፊ በዓይኑ አላየም።»

መንኮሻኮሹ ቆመ።

«እሺ አባዬ» አለችና ዘጋች።

በቀጣዩ እሁድ አልደወለችም። ከዚያም በቀጣዩ። ሲደውልላት፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» የሚል አጭር መልእክት መጣ። አሥረኛው ክፍልም አልተላከለትም። ልብስ ሰፊው ያን ሰሞን ሰው ናፈቀው፤ ሌላ ስም የለውም፣ ናፈቀው። ምን ብሎ እንዳስቀየማት ቢጨንቀው፣ ሰኞ በምሳ ሰዓት እጅጌ እየጠቀመ ዘጠነኛውን ክፍል መልሶ ከፈተ።

የጎረቤቱ ሱቅ ሰዓት ሠሪ፣ ወሬ ሳያይ የማያልፈው፣ በትከሻው በኩል አጮለቀ።

«ጋሼ! እርስዎን ማን ቀረጸዎት?»

«እህ?» አለ ልብስ ሰፊው። አፉ ውስጥ ስፒል ነበረ።

«ይኸው! ‘እህ’ ማለትዎ እንኳ አልቀረም። ሜትሩን ይመልከቱ፣ ሁለት ዙር። አውራ ጣቱ ላይ ያለው የካውያ ጠባሳስ?»

ልብስ ሰፊው የሥዕሉን አውራ ጣት አየ፤ የራሱንም አየ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቁን ሲያይ ኖረ እንጂ በር ላይ ቆሞ ራሱን አይቶ አያውቅም። ሙዚቃው ሲነሳ እጁ እንደ ልማዱ ሊዘጋው ሄደ።

«ይቆይ፣ ይቆይ!» ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ምስሉን አቆመው። በማይነበበው የባዕድ ፊደል መሐል በሚያውቁት ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች። ጮክ ብሎ አነበባት፤ የልጅቷን ስም፣ ቀጥሎ የአባቷን። «ይሄ የእርስዎ ስም አይደለም እንዴ?»

ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ስሙ ሊያልፍ ሲል እየዘጋው ኖሯል።

ሰዓት ሠሪው ሲሄድ ልብስ ሰፊው የቅድ ወረቀቶቹን መሳቢያ ከፈተ። ከሥር አንድ ያረጀ የኮሌታ ቅድ አለ፤ ልጁ ትንሽ ሳለች ወንበር ላይ ካገኘው ወረቀት የቆረጠው። በሕይወቱ ገልብጦ ያላየው ነገር ቢኖር ይህ ነው። አሁን ገለበጠው። በልጅ እርሳስ የተሣለ፣ ያጎነበሰ ሰው ነው፤ መቀሱ አንገቱ ላይ ስላለፈ ራስ የለውም።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ ደወለ። በአራተኛው ጥሪ ተነሳ።

«አቤት አባዬ።»

«ሥራ ላይ ነሽ?»

«እህ።»

መስመሩ ይንኮሻኮሻል። የስልክ ድርጅቱን ያለ ጥፋቱ ሲራገም ኖሯል፤ እርሳስ ነው። እነዚያን ሁሉ እሁዶች እሱ ሲያወራ እሷ ትሥል ነበር።

«ያ ሽማግሌ ልክ ነው» አላት። «አንድ የማሳይሽ ነገርም ነበረኝ።»

«እህ።»

«ጨርሺ፣ ጨርሺ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ወንበሩ አጠገቡ ነበር፤ አልተቀመጠም። ወረቀቱን ይዞ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በአንድ እግሩ፣ ቀጥሎ በሌላው እግሩ ቆመ። እርሳሱ መንኮሻኮሹን ቀጠለ።