ለእንግሊዙ ሐጂ የመጣ ሐልዋ

ነገ ኅዳር ጽዮን ናት ብዬ፣ ለበዓሉ ያሰፋሁትን ቀሚስ ልቀበል ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጀጎል ገባሁ። ዘመኑ ስድሳ ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ ያኔ ከደሴ ተመድቤ ሐረር የመጣሁ አስተማሪ ነበርኩ።

ማኪና ግርግርን የማታውቁ ካላችሁ... የልብስ ሰፊዎች መንገድ ናት። ግራና ቀኝ የተደረደረው የስፌት መኪና ሲንጫጫ ሰው የሚነጋገረው እየጮኸ ነው። የእኔ ሰፊ እዚያ የነበሩት ሐጂ ሷሊህ ናቸው።

ሐጂ የዓደን ዓረብ ናቸው። ዓደን በእንግሊዝ እጅ ሳለች እዚያ ስለተወለዱ፣ ሐረር መጥተው፣ የሐረር ልጅ አግብተው፣ ወልደው ከብደውም «አገርዎ የት ነው?» ሲባሉ መልሳቸው «እንግሊዝ ነኝ» ነበር። መልካቸው ጠይም፣ ወገባቸው ላይ ሽርጥ፣ ጉንጫቸው ውስጥ ጫት... እንግሊዝ! መንደሩ እየሳቀ «እንግሊዙ ሐጂ» የሚል ስም አወጣላቸው። ለእሳቸው ግን ቀልድ አልነበረም። ከስፌት መኪናቸው በላይ የእንግሊዝ ንጉሥ ሥዕል በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ንጉሡ ሞቶ ልጁ ከነገሠች ቆይታለች፤ «ሐጂ፣ ንግሥቲቱን አይሰቅሉም እንዴ?» እያልኩ አሾፍባቸዋለሁ። ፈገግ ብለው መኪናቸውን ይረግጣሉ።

ደግሞ ልብስ ሰፊ ሁሉ «ነገ ነይ» እያለ በሚያመላልስበት አገር፣ እሳቸው «እንግሊዝ ቀጠሮ አያፈርስም» ብለው ባሉት ቀን ይሰጣሉ። አንድ ቀን አፍርሰው አያውቁም።

የዚያን ዕለት ግን ቀሚሴ እጅጌ አልነበረውም።

ሐጂ መኪናውን ይረግጣሉ... ይረግጣሉ... መርፌው ላይ ክር የለም። ጨርቁ ዝም ብሎ እየተበሳ ያልፋል። ክሩ አልቋል ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና እግራቸውን አቆሙ። ሁልጊዜ ሲያወራ የሚውለው ራዲዮናቸው ተዘግቷል። እንግሊዝ ዓደንን ለቆ ወጣ፣ ባንዲራው ወረደ አሉኝ።

እኔ እኮ ደስ ነው ያለኝ። አገር ነፃ ሲወጣ ምን ያሳዝናል? «እንኳን ደስ አለዎት» ልላቸው አፌን ከፈትኩ... ፊታቸውን ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ ስለ ታናሽ ወንድማቸው ስለ ሳሊም ነገሩኝ። ሳሊም በእንግሊዝ መርከብ ላይ የምድጃ እሳት ቆስቋሽ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከቧ ተመታችና ከነሰዎቿ ሰመጠች። መቃብር የለው፣ ፎቶ የለው። ያንን የንጉሥ ሥዕል ግን ከመጨረሻው ጉዞ በፊት ከአንዱ ወደብ ገዝቶ፣ መስታወቱ እንዳይሰበር በልብሱ ጠቅልሎ ያመጣላቸው እሱ ነው። ሲሞት «ለአገሩ ሞተ» ተብሎ ተነገራቸው። ሐጂም እስከዛሬ የተጽናኑት በዚያች ቃል ነው።

እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ በሥዕሉ ቀለድኩ...

«አስተማሪ ነሽ፣ እስቲ ንገሪኝ ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔ እንግሊዝ ካልሆንኩ... ሳሊም ለማን አገር ሞተ?»

ክፍል ውስጥ ለስንቱ ጥያቄ መልስ የማላጣ ሴትዮ፣ የወደቀ የጨርቅ ቁራጭ ልለቅም ጎንበስ አልኩ።

ይኼኔ ነው የዓረብ ቤት ባለሱቆቹ እየተሳሳቁ የገቡት። ሁሉም ከዚያው ከባሕር ማዶ፣ ከዓደን የመጡ ናቸው። አንደኛው ሐልዋ የሚሉትን ጣፋጫቸውን ትልቅ ሰሐን ሙሉ ይዟል፤ ነፃ ወጣን ብለው ለመንገዱ ሁሉ እያደሉ ነው። ሐጂን አቀፏቸው፣ ሳሟቸው፣ «ሙባረክ ያ ሷሊህ!» አሏቸው። ለእኔም ተዘረጋልኝ። ጾመ ነቢያት ነውና ቅቤ አለው፣ ጾመኛ ነኝ ብዬ አመለጥኩ። ሐጂ ግን በምን ያመካኛሉ? ረመዳን ሊቃረብ ነው እንጂ ገና አልገባም። ሐልዋውን ተቀብለው ጎረሱ።

ቀጥሎ አንዱ ወደ ሥዕሉ እያመለከተ፣ እንግዲህ ይሄ ሰውዬ አገሩ ይግባ እንጂ አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ደስታው ነው የሚያናግረው። ሐጂ የጎረሱትን ሳይውጡ በርጩማ ላይ ወጡና ሥዕሉን በገዛ እጃቸው አወረዱ። መስታወቱን በእጅጌያቸው ጠረጉት። ከዚያ ገና ባልተሰፋው ቀሚሴ ላይ በደረቱ አስተኙትና... እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ባለሱቆቹ ሲያዩዋቸው እነሱም አለቀሱ። «የደስታ እንባ ነው» አለኝ ሰሐን የያዘው፣ የእሱም ጉንጭ ርሶ። ሐጂ በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግረው አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «የደስታ ነው።»

በማግስቱ ጽዮንን በአሮጌ ቀሚሴ አነገሥኩ። ቅዳሜ ስመለስ አዲሱ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ ጠበቀኝ። ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ከቀረው ግድግዳ ነጣ ብሎ ይታያል። መንደሩ አሁንም «እንግሊዙ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «አቤት» ይላሉ። ስለ ቀጠሮ ይሏት የነበረችውን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ደግመው ሲሏት አልሰማሁም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ሐልዋ እየበላ የሚያለቅስ ሰው ሳይ... «እንኳን ደስ አለህ» ለማለት አልቸኩልም።