ፋኖስ መንጋጋ

«እማዬ፣ ላንተርን ጆድ ምን ማለት ነው?» አለችኝ ልጄ ዛሬ፣ የእንግሊዝኛ ልብወለድ እያነበበች።

ፈልጌ ነገርኳት። ጉንጩ ስርጉድ ብሎ መንጋጋው የረዘመ ሰው ነው፤ ፊቱ ልክ እንደ ፋኖስ፣ ውስጡ መብራት ቢበራ በጉንጩ አልፎ የሚታይ የሚመስል።

ፈረንጆቹ መንጋጋው የጎላ የፊልም ጀግናንም እንደዚያ ይሉታል አሉ። በደርግ ጊዜ እኛ ሰፈር ግን ይህ መንጋጋ የሚመጣው ከእስር ቤት ነበር።

አባቴ የተፈታ ቀን ቤት ሰው ስላጣ፣ እናቴ ወደምትሸጥበት በርበሬ በረንዳ መጣ። ፊቷ ቆመ።

እናቴ ዛላ እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ብላ በደንብ አየችውና፣ «እግዜር ይስጥዎ አባቴ፣ ይለፉኝ» አለችው።

«እኔ ነኝ እኮ» አላት።

በርበሬ ባቃጠለው እጇ ጉንጩን ይዛ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ በኋላ ሁለቱም በበርበሬው አሳበቡ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ለማንም ለማኝ «ይለፉኝ» ብላ አታውቅም። «ለሁሉም ሰጥተሽ ትችይዋለሽ?» ስንላት መልሷ አንድ ነው፦ «ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ከእናንተስ ቤት እንዲህ ሆኖ የተመለሰ ሰው ነበር? በምን አወቃችሁት?