የላማር ጎዳና ጆሮ

ኤልሮይ ማብሪ ዘፍኖ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ «አንተ፣ ባክህ መዝሙሩን አታበላሽብን» እያለች በክርኗ ትጎሽመው ነበር። ሥራው መኪና ላይ ቴፕና ስፒከር መግጠም ነው። ይሁን እንጂ በካሴት ዘመን ሜምፊስ ከተማ ውስጥ በራፕ ስም ያወጣ ሰው ሁሉ በዚህ ዘፈን በማይሆንለት ሰው ግቢ በኩል አልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አዲስ ነገር የቀዳ ልጅ ካሴቱን ይዞ ላማር ጎዳና ወዳለው ግቢ ይመጣል። ኤልሮይ የሰማንያ ሰባት ሞዴል ካፕሪስ መኪናውን መሀል ላይ ያቆማል፣ አራቱንም በር ይበረግዳል፣ የኋላ ኮፈኑን ያነሳል፣ ካሴቱን ይከታል። ከዚያ ማንንም አስተያየት አይጠይቅም። ሰው ያያል። የተጠበሰ አምባዛ ይዞ የሚሄደው ቆሟል ወይ? ጸጉሯን ልትሠራ የተቀመጠችው ሴት በመስኮት ብቅ ብላለች ወይ? ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ ቃል አይናገርም። ካሴቱን ቴፑ ውስጥ ከተወው በቃ፣ ልጁ አልፎለታል፤ ሳምንቱን ሙሉ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ የሚከፈተው እሱ ነው። ካልሆነ አውጥቶ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ይመልሳል። የተመለሰለት አይከራከርም። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ለዝምድና ያስቀረው ካሴት የለም፤ የገዛ ወንድሙን ልጅ ካሴት መልሶ ሁለት ዓመት ተኮራርፈዋል።

ዲከን ሬይ የሚባለው ስመ ጥር ራፐር የወጣው ከዚያ ግቢ ነው። የእሱ ካሴት በቀረበት ክረምት ላማር ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ የሄደ ሰው ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥበት ይሰማው ነበር፤ አንዱ መኪና ሲርቅ ሌላው ይቀበላል፣ ከዚያ በረንዳው፣ ከዚያ ፀጉር ቤቱ። ራፕ አጋንንት ነው የሚሉት መነኩሲት መሳይ አሮጊቶች ሳይቀሩ ግጥሙን በቃላቸው ያውቁት ነበር። ለእርግማን እንዲመቻቸው ነው ይላሉ።

ካሴቱ ሄዶ ሲዲ መጣ፣ ሲዲው ሄዶ ስልክ መጣ። ራፕ የሚሠሩት ልጆች ቁጥር አልቀነሰም፤ እንዲያውም በዛ። ግቢው ግን ባዶውን ቀረ። ኤልሮይ ለመጨረሻ ጊዜ ያስቀረው ዘፈን እንግዲህ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው።

በዚህ ጉዳይ ከክሎቪስ ጋር በየቀኑ ይጨቃጨቃሉ። ክሎቪስ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ከኤልሮይ ሱቅ በር ላይ ከምትገኘው ወንበር የሚያነሳው ምሳ ብቻ ነው።

«የዛሬ ልጆች ሰነፎች ናቸው» ይላል። «አፋቸው ውስጥ ድንች ይዘው ነው የሚያወሩት።»

«አባትህም አንተን እንደዚያ ይልህ ነበር።»

«እሺ፣ ጎበዝ ከሆኑ ጥራልኛ! አንድ ስም! እኔም፣ አንተም፣ የልጄ ልጅም እኩል የምናውቀው፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አንድ ራፐር ጥራ!»

ኤልሮይ ግን በስንፍና አያምንም። እሱ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ፌርማታ አሥር ሰው ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል፤ አሥሩም ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ሰክቷል፤ አሥሩም የየራሱን ይሰማል። ድሮ ዘፈን ወደህም ጠልተህም ይደርስሃል፣ ትሳደባለህ፣ ስትሳደብ ትለምደዋለህ፣ በሦስተኛው ቀን ታንጎራጉራለህ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ካላንጋጠጠ ኮከብ ከየት ይመጣል? ይህን ለክሎቪስ ሲነግረው ክሎቪስ፣ «ፈላስፋ!» ብሎ ይስቅበታል። ኤልሮይ ግን ቀልዱ አይደለም። ያንን ጩኸት እንደ ሟች ሚስቱ ድምፅ ይናፍቀዋል።

አዳዲስ መኪኖች ቴፓቸው ከነስክሪኑ ተገጥሞ፣ የሚፈታ ነገር ሳይኖረው መምጣት ሲጀምር ሱቁም አበቃለት። በመስከረም ሊዘጋው ወሰነ። ያን የሰማች የልጅ ልጁ ኬዮና ከአትላንታ ደወለች።

ኬዮናን ያሳደጋት እሱ ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ነው ያደገችው፤ ጎረምሶች ካሴታቸው ተመልሶላቸው ከአጥሩ ኋላ ሲያለቅሱ እያየች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ራፕ ትሠራለች፣ በስልክ ስድስት መቶ ሺህ ሰው ይከተላታል ይባላል። ለአያቷ ግን አንድም ቀን አሰምታው አታውቅም። እሱም ጠይቋት አያውቅም። ቢመልስባትስ? ይህን ፍርሃት ሁለቱም ያውቁታል፣ ሁለቱም አላወሩትም።

«አባባ» አለች፣ «በመጨረሻው እሑድ የኔን ዘፈን ያስገቡልኛል?»

«ግቢው ባዶ ነው እኮ ልጄ።»

«እኔ ግቢውን ነው የምፈልገው። ስድስት መቶ ሺህ ሰው አለኝ፣ አንዱም እናቴን አያውቃትም። አንዱም ቆሞ ሲሰማ አይቼው አላውቅም። እንደ ሌላው ሰው ይፍረዱብኝ።»

«ዘመድ ነሽ ብዬ አላዳላም።»

«ማን ያዳሉልኝ አለ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

በዚያ ሳምንት ኤልሮይ ካፕሪሱን ሦስት ጊዜ አጠበ። እያጠበ ይጸልያል፤ ጥሩ ይሁን፣ እባክህ ጥሩ ይሁን፣ መመለስ እንዳይኖርብኝ።

እሑድ ክሎቪስ መጣ፣ «እህት ዮኒስ» የሚሏቸው የቤተ ክርስቲያኑ ሴትዮ ኬክ ይዘው መጡ፣ ሁለት የድሮ ደንበኞች መጡ። ይኸው ነው። ኬዮና ስልኳን በገመድ ከቴፑ ጋር አገናኘችና ሄዳ አጥሩን ተደግፋ ቆመች፤ ጎረምሶቹ ይቆሙበት በነበረው ቦታ።

ኤልሮይ እንደ ልማዱ ባሱን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ለቀቀው። የመኪናው ታርጋ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅዋ ግን ተዋጠ። አለቀላት፣ አለ በሆዱ። ከዚያ ነገሩ ገባው፤ ልጅቷ እየጮኸች አልነበረም፣ በጆሮ እየነገረች ነበር። ባሱን እስከ ታች ቀነሰ። በሠላሳ ዓመት ሥራው ይህን ለማንም አድርጎ አያውቅም።

ያኔ ሰማት። ፌርማታ ላይ ስለቆመች አንዲት ሴት ነው የምትለው፤ ሁለት ፈረቃ ሠርታ ጫማዋን በእጇ ይዛ ስለቆመች ሴት። ስሟን አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለጋትም፤ የኬዮና እናት፣ የኤልሮይ ልጅ ነበረች። ቃላቱ ሲመጡ አይቸኩሉም፣ ሲመቱ ግን ይመታሉ። ኤልሮይ ደረቱ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰበት፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ነገር። ወደ ጎዳናው ዞር አለ፤ ሰው ቆሞ እንደሆነ ሊያይ። ፌርማታው ላይ ያሉት ጆሯቸው ውስጥ ማዳመጫ እንደሰኩ፣ ወደ ስልካቸው እንዳቀረቀሩ ናቸው። ተነሥቶ ማዳመጫቸውን እየነቀለ፣ «እናንተ ሰዎች፣ አትሰሙም ወይ!» ሊላቸው ፈለገ።

ዘፈኑ አልቆ የመጨረሻዋ ቃል ሳትጠፋ የኬዮና ስልክ ጮኸ። ሥራ የምታሠራት ሴት ናት የደወለችው። ኤልሮይ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ገመዱን ነቀለ። የእጁ ላብ ስልኩን አራሰው። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና እንዳይወድቅበት በሁለት እጁ ይዞ ሰጣት።

ኬዮና ስልኩን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው።

«አመሰግናለሁ አባባ» አለች። ጉንጩን ሳመችው። «መንገዱ ስድስት ሰዓት ነው፣ ሳይመሽብኝ ልሂድ።»

«ትንሽ አትቆዪም? ኬክ አለ እኮ።»

«ነገ ሥራ አለብኝ» አለች፤ መኪናዋን አስነሥታ ወጣች። ኤልሮይ እንባውን እስኪጠርግ ጠፍታለች።

እህት ዮኒስ ኬኩን ሳይቆርሱ ሸፈኑት። ክሎቪስ ከወንበሩ ተነሣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልብህ ድንጋይ ነው?» አለው። «በመጨረሻው ቀን፣ የገዛ ልጅህን ልጅ!»

«ምን አደረግኩ?»

«መለስክባት እኮ!»

ኤልሮይ ባዶ እጆቹን አየ። «ስልኳ እኮ ነው» አለ። «ስልኳን ቀምቼ ልቀር ነው እንዴ? ደግሞ እየጠሩባት ነበር . . .» አልጨረሰውም። ዘወር ብሎ ወደ ካፕሪሱ ገባ። ቴፑ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ውስጡ ምንም የለም። ካሴት ቢሆን ኖሮ አሁን እዚያ ውስጥ ነበረ። ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ነበረ። ልጅቷም ሳይነገራት ታውቅ ነበር።

ደወለ። አታነሳም። ክሎቪስም እህት ዮኒስም ነገሩ ገብቷቸው ይቅርታ በሚመስል ዓይን እያዩት ሄዱ፤ የቀሩትም ተከተሉ። መንገዱ ላይ አውቶቡስ መጥቶ ሰዎቹን ሁሉ ወሰደ። ኤልሮይ መደወሉን አልተወም። በሰባተኛው አነሳች።

«አባባ፣ ግዴለም» አለች ገና ከመጀመሪያው። አልቅሳለች። «ይፍረዱ ብዬ እኔው ነኝ የለመንኩዎት።»

«ኬዮና፣ ስሚኝ። አስቀርቼዋለሁ። የምይዘው ነገር አጥቼ ነው እንጂ አስቀርቼዋለሁ። የሚያዝ ነገር አልሰጠሽኝም፣ የኔ እናት።»

ስልኩ ውስጥ የመኪናው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ የፍሬቻ ጠቅታ፤ ዳር ይዛ ቆመች።

«እውነትዎን ነው?»

«ሠላሳ ዓመት ዋሽቼ አውቃለሁ?»

ቀጥሎ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኖ መጣ። «ሰዉስ? እኔ ለመንገዱ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር አላየሁም። ቆሞ የሰማኝ ሰው ነበር?»

ኤልሮይ ወደ ላማር ጎዳና አየ። ፌርማታው ባዶ ነው። በአጥሩ በኩል ነፋስ የኬክ ወረቀት እየገፋ ይወስዳል፤ ከዚያ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

«ነበር» አለ። «ኧረ ሞልቶ ነበር ልጄ። እስካሁንም አልሄዱልኝም።»